ሞተሩን ገጠምነው፤ ፍሬኑስ?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ፈረንጅ በአያቱ ዘመን የተሠራ የሚመስል አሮጌ የሞተር መጋዝ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ሆዱን ይከፍተዋል። የራሱን ሞተር ያወጣና በምትኩ የውድድር ካርት ሞተር ይገጥምለታል። ካርት ያቺ ጣሪያም በርም የሌላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ትንሽ የውድድር መኪና ናት። ሰውየው ገመዱን ሲስበው መጋዙ ያገሳል። ግንድ ላይ ሲያሳርፈው ሰጋቱራው እንደ ጉም ይነሳል።

ወዳጄ ከሥሩ «ፈረንጅ ሥራ ፈቷል» ብሎ ጽፎበታል። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት። ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፍሬኑን።

አዎ፣ መጋዝም ፍሬን አለው። የዛሬዎቹ የሞተር መጋዞች ከእጀታው ፊት ለፊት አንድ ጋሻ መሳይ ነገር አላቸው። መጋዙ እንጨቱን ስቶ ወደ ሰው ፊት ሲዘል ያ ነገር ይመታና ሰንሰለቱ ወዲያው ይቆማል። ይህ ፍሬን በሰፊው የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ የላቸውም። ያ ሰውዬም አሮጌው መጋዝ ላይ ጉልበት ጨመረ እንጂ ፍሬን አልጨመረም።

የሚገርመው ደግሞ የሁለቱ ሞተሮች ዝምድና ነው። የመጀመሪያዋን ካርት አርት ኢንግልስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1956 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሠራት የገጠመላት የሣር ማጨጃ ሞተር ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ ማክሎክ የተባለው የሞተር መጋዝ አምራች ለመጋዝ የሠራውን ሞተር አሻሽሎ ለካርት ማቅረብ ጀመረ። የካርት ሞተር የመጋዝ ሞተር ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰውየው ያደረገው ልጁን ወደ አባቱ ቤት መመለስ ነው። ችግሩ ልጁ ውጭ ከርሞ፣ ጎልምሶ፣ ፍጥነት ለምዶ ነው የተመለሰው። ቤቱ ግን ያው የድሮው ቤት ነው፤ ግድግዳውም መዝጊያውም።

እኔ ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያየሁት ሐረር፣ ፈላና በር፣ በአባቴ ፔጆ ላይ ነው።

*

ሐረርን ለማታውቁ፦ ፈላና በር ከጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው፤ በሰሜን በኩል ያለው። ሐረሪዎች አሱም በሪ ይሉታል። ከበሩ ወጣ ብሎ ማታ ማታ ጅብ ይመገባል። ቀን ቀን ደግሞ፣ በእኔ ልጅነት፣ ከዚያው አካባቢ አንድ ጣሪያ የሌለው ጋራዥ ነበር። ጋራዥ ይባል እንጂ አንድ ግራር፣ አንድ የብረት ጠረጴዛና በዘይት የጠቆረ መሬት ነው። የመካኒኩ ስም ለሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ነበር። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። (ሐረር ውስጥ «አንቱ» እምብዛም ስለሌለ «አንተ» እያልኩ ባወራችሁ አትቀየሙኝ፤ ትልቁንም ትንሹንም እንዲህ ነው የምንጠራው።)

አባቴ የታክሲ ሹፌር ነበር። የሚነዳው ደግሞ ሌላ ሊሆን አይችልም፤ ፔጆ 404 ነው። ሐረርና ፔጆ 404 ያላቸውን ፍቅር የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ፈረስ መጋላ ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ተሰልፈው የሚቆሙት እነዚያ መኪኖች የከተማዋ ምልክት ነበሩ። ባጃጅ መጥቶ ቦታቸውን እስኪወስድ ድረስ ሰው ጫትም፣ ሙሽራም፣ በሽተኛም የሚያመላልሰው በእነሱ ነበር። 404 በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1960 መመረት ጀመረ። የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ 1967 እና 1968 አሸንፏል። ለእኛ መንገድ የተፈጠረ መኪና ነበር ብል አላጋነንኩም።

ግን ብረትም ያረጃል። በ1992 ዓ.ም. የአባቴ ፔጆ ሞተር ሞተ። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ወርዷል፣ ፒስቶኑ ተቀይሯል፣ ቴስታታው ተልጓል። በመጨረሻ ኢንጂነሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አቦ ይሄ ከዚህ በኋላ ሞተር አይደለም፣ መቃብር ነው» አለው። መለዋወጫ የለም። አዲስ መኪና መግዛት የሚታሰብ አይደለም። አምስት ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት ነን።

በዚያው ሰሞን አንድ የተጋጨ ኮሮላ በርካሽ ተገኘ። አካሉ ተጨፍልቋል፤ ሞተሩ ግን ጤነኛ ነው። ኢንጂነሩ ለሁለት ቀን ዙሪያውን ሲዞረው ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን «ይገባል» አለ።

*

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም «ሞተር መቀየር» ሲባል ሰው አውጥቶ መክተት ይመስለዋል።

የ404 ሞተር ቀጥ ብሎ አይቆምም። ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ተብሎ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ተጋድሞ ነው የተሠራው። የኮሮላው ሞተር ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ከላይ ኮፈኑን ይነካል፤ ከታች ሱፖርቶዎቹ ቦታቸው ላይ አያርፉም። ኢንጂነሩ የድሮዎቹን ሱፖርቶዎች ቆርጦ ከወፍራም ብረት ሌላ በየደላቸው። ኮፈኑንም ወደ ላይ አጎበጠው። መኪናችን ከዚያ በኋላ ግንባሩ ያበጠ ልጅ ይመስል ነበር።

ካምቢዮውስ? «የኮሮላውን ካምቢዮም አብሮ ማስገባት አይቀልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይቀልም። በ404 ላይ ከካምቢዮው ጀርባ እስከ ኋላ ዲፈረንሺያል የሚሄደው ዘንግ በወፍራም ቱቦ ውስጥ ነው ያለው፤ ቱቦውም ከካምቢዮው ጋር ታስሯል። ካምቢዮውን ከቀየርክ የመኪናውን ግማሽ አካል ትቀይራለህ። ስለዚህ የፔጆው ካምቢዮ እንዳለ ቀርቶ በእሱና በቶዮታው ሞተር መካከል አንድ ወፍራም የብረት ሳህን ገባ። ሳህኑን ቶርኖ ቤት ወስዶ አስቀረጸው። የሁለቱ መሐል በፀጉር ታህል ከተዛነፈ ፍሪሲዮኑ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታው ይበላል። ሦስት ጊዜ አስቀርጾ፣ ሦስት ጊዜ አውርዶ፣ በአራተኛው ገጠመው።

ሥራው አምስት ሳምንት ፈጀ። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ባትሪ የማበራው እኔ ነኝ። ማታ ሲመሽ ጅቦቹ በአጠገባችን ወደ ምግባቸው ያልፋሉ። ቀና ብለው ያዩናል፤ እኛም ቀና ብለን እናያቸዋለን፤ ሁላችንም ወደየሥራችን።

ሞተሩ የተነሣ ዕለት አባቴ አለቀሰ። ዞር ብሎ ነው ያለቀሰው፤ እኔ ግን አየሁት።

*

ማግስቱን ሌላ ችግር ተነሣ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ተጽፏል። አሁን የሻንሲው ቁጥር ያው ነው፤ የሞተሩ ቁጥር ግን ሌላ ነው። አባቴ ሕግ አክባሪ ሰው ስለነበረ ወረቀቱን ይዞ ለማስመዝገብ ሄደ። ጉዳዩን የያዘው ሰው መኪናውን ወጥቶ አላየውም። «የፔጆ ሊብሬ ላይ የቶዮታ ሞተር አይጻፍም» አለው። «እንዲያ ከሆነ ምን ላድርግ?» ሲለው «የፔጆ ሞተር አምጣ» አለው። አባቴ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ሲመለስ ምንም አልተናገረም፤ ገብቶ ተኛ።

ከዚያ የሆነውን ዛሬ ልናዘዘው። አባቴ አርፏል፤ መኪናውም ከመንገድ ወጥቷል፤ ስለዚህ የሚጎዳ የለም። የድሮው ሞተር ቁጥር በአዲሱ ሞተር ላይ ተመታ። ወረቀቱና ብረቱ ተስማሙ። የአባቴና የሕጉ ስምምነት ግን በዚያ ቀን አበቃ።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ኮፈኑ እንዳይከፈት የሚጠነቀቅ ሰው ሆነ። የቦሎ ምርመራ ሲደርስ መኪናውን ራሱ አይወስድም፤ «የሚያውቅ» ሰው ይፈልጋል። ቦሎው ይመጣል፤ መኪናው ግን በትክክል አይመረመርም። ሞተሩን ለመደበቅ ሲባል መሪውም፣ ጎማውም፣ ፍሬኑም አብረው ተደበቁ። ያ ቢሮ «አይጻፍም» ሲል ሞተሩን የከለከለ መስሎት ነበር። ሞተሩ አልተከለከለም፤ ሥራውን ቀጠለ። የተከለከለው ምርመራው ነው።

*

በ1993 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አንድ የጎረቤታችን ልጅ ወደ ውጭ ሊሄድ ከድሬዳዋ ይበርር ነበር። ቤተሰቡ ሊሸኘው ፈለገ። አባቴ «እኔ አደርሳችኋለሁ» አለ። የከተማ ታክሲ ነው፤ እዚያ ድረስ መሄድ አልነበረበትም። በአሮጌው ሞተር ቢሆን አያስበውም ነበር። አሁን ግን ሞተሩ አለ። ከእኔ ጋር ስምንት ሰው፣ ሦስት ሻንጣ፣ አንድ ጆንያ።

አወዳይን አለፍን። ሐሮማያ ስንደርስ ሐይቁ በቀኝም በግራም እንደ ድሮው ከመንገዱ ዳር አልጠበቀንም፤ ሸሽቷል። ዳር ዳሩን የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ይጮሃሉ፤ ቱቦዎቻቸው እንደ እባብ ወደ ጫቱና ወደ ድንቹ ማሳ ተዘርግተዋል። ከሞተሮቹ ሁለቱን አውቃቸው ነበር፤ ፈላና በር ግራሩ ሥር ሲጠገኑ አይቻቸዋለሁ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከደንገጎ በኋላ መንገዱ ወደ ድሬዳዋ መውረድ ይጀምራል። የወረደበት ያውቀዋል፤ መታጠፊያው አያልቅም፣ በአንዱ ወገን ተራራ በሌላው ገደል ነው። አባቴ በአሮጌው ሞተር ዘመን እንዲህ ያለ ቁልቁለት ሲገጥመው ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ እያንፈቀፈቀ ነበር የሚወርደው። አሁን ግን መኪናው ቀልሎታል። አንድ ኢሱዙ ቀደመ። ሌላ ቀደመ። በየመታጠፊያው ፍሬን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል።

ፍሬኑ የ404 የጥንቱ ፍሬን ነው፤ አራቱም እግር ከበሮ ነው። ከበሮ ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ ይግላል፤ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ሲግል ከበሮው ይለጠጣል፣ ሸራው መንሸራተት ይጀምራል። መጀመሪያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ። ቀጥሎ የአባቴ እግር ወደ ታች ሲሄድ አየሁ፤ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ደረሰ። ማርሽ ሊቀንስ ሲሞክር ካምቢዮው ጮኸ፤ አልገባም አለ። አባቴ አንድ ቃል ሳይናገር መሪውን ወደ ተራራው ወገን ጠመዘዘው። ቦዩ ውስጥ ገብተን አፈሩን ታከን፣ ታከን፣ ቆምን።

ማንም አልሞተም። የተጓዡ እናት ግን ክንዷ ተሰበረ። በደንብ አልገጠመም፤ እስከ ዛሬ ቀኝ እጇን አቅንታ መዘርጋት አትችልም። ልጁ አውሮፕላኑ አመለጠው።

ስለ አባቴ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሲመጣ ከጎኗ ተነሥቶ የሄደው ወደ ኮፈኑ ነው። እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ቆመ። ደጉ አባቴ፣ እንግዳ ሳያበላ የማይበላው ሰው፣ በዚያች ሰዓት የሚፈራው የሴትዮዋን ክንድ ሳይሆን የሞተሩን ቁጥር ነበር። እሱም ይህን ያውቅ ነበር። እስኪሞት ድረስ የሚያሳፍረው ይህ እንደነበረ አንድ ቀን ነግሮኛል።

*

ኢንጂነሩ በማግስቱ መጥቶ መኪናውን አስጎተተ። ግራሩ ሥር ጎማውን ፈትቶ ከበሮዎቹን አወጣቸው፤ ሰማያዊ ሆነዋል። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያቸው። ከዚያ ለአባቴ እንዲህ አለው፦

«አንተ ሞተር ፈለግክ፣ እኔ ሞተር ሰጠሁህ። ፍሬን አልጠየቅከኝም። እኔም አልነገርኩህም። አንተ ሹፌር ነህ፣ አታውቅም። እኔ ግን አውቅ ነበር። ወላሂ አውቅ ነበር።»

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት 404ዎች ከፊት ዲስክ ፍሬን አላቸው። ኢንጂነሩ ከአንድ ከቆመ መኪና ሙሉውን የፊት እግር ፈትቶ አመጣና ገጠመው። ገንዘብ አልተቀበለም። ከዚያ ወዲህም ማንም ሰው ሞተር ሊያስቀይር ሲመጣ መጀመሪያ ጎማውን ነበር የሚፈታው። ሰዎች «እኛ የመጣነው ለሞተር ነው» ሲሉት «እኔ ከታች ነው የምጀምረው» ይላቸዋል።

አሁን ወደ ሐይቁ ልመለስ። ሐሮማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ከተሞቹም ጠጥተውታል፣ ከተራራው የታጠበው አፈርም ሞልቶታል። የመስኖ ሞተሮቹም ድርሻቸው ትልቅ ነው። ሐረር ለዓመታት ተጠማች። ሌሊት ተነሥተን በጀሪካን ወረፋ የያዝን ሁላችን እናስታውሳለን። በኋላ ውኃ የመጣው ከድሬዳዋ በኩል ከሀሰሊሶ፣ ያንን ሁሉ ዳገት በሞተር እየተገፋ ነው። ሐይቁ ባለፉት ዓመታት ተመልሶ ውኃ መያዙን አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ያ ጥማት ግን ከአፌ አልወጣም።

ኢንጂነሩ በጥማቱ ዘመን አንድ ቀን በርጫ ላይ «ከእነዚያ ሞተሮች ስንቱን እኔ ነኝ ያስነሣሁት» አለ። የተሰበረውን ከተሰበረው እያዋሐደ፣ የሞተውን እያስነሣ። ገበሬው ሞተር ጠየቀው፣ እሱ ሞተር ሰጠው። ከሐይቁ በቀን ስንት ይወጣል፣ ስንት ይገባል ብሎ የለካና «እዚህ ጋ ይበቃል» ያለ አልነበረም። ሐይቁም እንደኛ ፔጆ ሞተሩ ተገጠመለት፤ ፍሬን አልተገጠመለትም።

*

ይህን ሁሉ ዛሬ ለምን አነሣሁት? አገሪቱ ራሷ ሞተር እየቀየረች ስለሆነ ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቀ። ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥ ግብር ጥሏል። ሐሳቡ ይገባኛል። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ነው የምንገዛው፤ መብራቱን ከገዛ ውኃችን እናመነጫለን። እኔም እደግፋለሁ። ተቃውሞዬ በአቅጣጫው ላይ አይደለም።

ጥያቄዬ ያሉት መኪኖች ምን ይሆናሉ የሚለው ነው። አዲስ መግዛት በከበደ ቁጥር አሮጌው ዕድሜው ይረዝማል። ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ሞተሩ ይሞታል። ሞተሩ በሞተ ቁጥር ሰው ግራር ሥር ይሄዳል። ይህ በሐረር ብቻ ሳይሆን በጎንደርም፣ በሐዋሳም፣ በመርካቶም ነው። ነገ ደግሞ ግራር ሥር የሚገጠመው የኮሮላ ሞተር አይሆንም። የተገለበጠ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርና ባትሪ በአሮጌ ሻንሲ ላይ ይሆናል። አትጠራጠሩ፤ ይመጣል። የእኛ ሰው የማይገጥመው ነገር የለም።

ባትሪ ደግሞ ከባድ ነው። ለቀላል ሸክም የተሠራ ፍሬንና ባሌስትራ ላይ ያንን ሁሉ ኪሎ ስትጭንበት የደንገጎን ታሪክ እየደገምክ ነው።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ይከራከሩኛል። አንደኛው «እነዚህ መካኒኮች ሰው ይጨርሳሉ፣ ይከልከሉ» ይላል። ወንድሜ፣ ተከልክለው አይተናል። ክልከላው የአባቴን ሞተር አላስወጣውም፤ የአባቴን ፍሬን ከምርመራ አስወጣው እንጂ። ሌላኛው ደግሞ «የሕዝቡ ፈጠራ ነው፣ መንግሥት እጁን ያንሣ» ይላል። ለእሱም የጎረቤታችንን ክንድ አሳየዋለሁ። ፈጠራ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን እጇን መዘርጋት አትችልም።

ጀርመኖች ይህን ነገር እንዴት እንደያዙት ተመልከቱ። እዚያ መኪናህ ላይ ሌላ ሞተር ብትገጥም መኪናው በመንገድ የመሄድ ፈቃዱን ያጣል፤ ለዘላለም ግን አይደለም። ቲዩቪን በመሳሰሉ ተቋማት ያለ ባለሙያ መኪናውን ያየዋል። ፍሬኑ አዲሱን ጉልበት ይችላል ወይ? አካሉስ? ካለፈ ለውጡ በመኪናው ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ሰውየው ቀና ብሎ ይነዳል። ካላለፈ አስተካክሎ ይመለሳል። የሚደበቅ ነገር የለም፤ ምክንያቱም እውነቱን የሚጽፉበት መስመር ወረቀቱ ላይ አለ።

እኛ የጎደለን ያ መስመር ነው። ስለዚህ እንዲህ ቢሆን እላለሁ።

አንደኛ፣ የተቀየረ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ያለ ቅጣት የሚያስመዘግብበት የተወሰነ ጊዜ ይሰጥ። የተሰረቀ መሆኑ ይጣራ፤ ካልተሰረቀ ይጻፍለት። ክፍያው ፍሬን መመርመር ይሁን፤ ወረቀቱን የሚያገኘው ፍሬኑ ሲያልፍ ነው።

ሁለተኛ፣ እንደ ኢንጂነሩ ያሉ ሰዎች በእጃቸው ይፈተኑ። የሙያ ብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲ የምንለው፣ በወረቀት ላይ ከወደቁ ሰዎች ውስጥ ካምቢዮና ሞተር በፀጉር ልዩነት የሚያገናኙ አሉ። ፈተናውን በቋንቋቸውና በብረት ስጧቸው። ማስረጃ ያለው ሰው ስሙ የሚጠፋበት ነገር አለው፤ ስሙ የሚጠፋበት ሰው ፍሬኑን ያያል።

ሦስተኛ፣ ነዳጅ መኪናን ወደ ኤሌክትሪክ ስለ መቀየር ግልጽ መመሪያ አሁኑኑ ይውጣ። ስንት ኪሎ ባትሪ በየትኛው ሻንሲ፣ በምን ዓይነት ፍሬን። ሺዎች በየግራሩ ሥር ከገጣጠሙ በኋላ ሳይሆን አሁን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ ቁልቁለት ላይ ሲፈታ ደግሞ አንሥቶ የሚያስታጥቅ አይገኝም።

*

ባለፈው ጥምቀት ሐረር ሄጄ ነበር። ኢንጂነሩ አርጅቷል። ግራሩ ተቆርጧል፤ ቦታው ላይ ሱቅ ተሠርቷል። ቤቱ ሄድኩና ተቀምጠን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጠየቀኝ። ካንዴላ የለውም፣ ካርቡራቶር የለውም፣ ዘይት አይቀየርም ስለው ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ባትሪው ስንት ኪሎ እንደሚያስኬድ አልጠየቀኝም። ፍጥነቱንም አልጠየቀኝም።

«ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዛል ይላሉ። እውነት ነው?» አለኝ።

እውነት ነው አልኩት። ሹፌሩ ነዳጁን ሲለቅ ሞተሩ ተገላብጦ መብራት ማመንጨት ይጀምራል፤ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ከደንገጎ እስከ ድሬዳዋ እየሞላ ይወርዳል። ፊቱ በራ። ሞተሩና ፍሬኑ አንድ የሆኑበት መኪና፤ ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ነገር።

ከዚያ ትንሽ አሰበና «ባትሪው አስቀድሞ ሞልቶ ከሆነስ? የት ያስቀምጠዋል?» አለ።

ደነገጥኩ። ልክ ነው፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ያ ፍሬን አይሠራም፣ ወይም ይደክማል። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ሌላውን ፍሬን ደርቦ ስለሚያዘጋጅ አያሳስብም። ግራር ሥር ለተገጠመው ግን ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። አራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሽማግሌ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ነክቶ የማያውቅ፣ በሁለተኛው ጥያቄው እዚያ ደረሰ።

«እንዲያማ ከሆነ» አለ፣ «ሐረር ላይ ሞልቶ ደንገጎን የሚወርድ ሰው ሳይሞላ መውረድ አለበት። ይህን ማን ይነግረዋል?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን ለእናንተ አምጥቼዋለሁ፤ መልሱ ያለው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ካነበበው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

ቸር ይግጠመን።